በቀን አንድ ቡኮ ብቻ ለሚሞክር ሰው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን አንድ ላይ አደረግኳቸው። አንዱ ከዳቦ ቤት፣ አንዱ ከዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ከሂሳብ አስተማሪ ነው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሙከራ ብዙ ገንዘብ ወይም ብዙ ሰዓት ሲበላ፣ በጥቂት ሙከራ ከሁሉ የተሻለው እንዴት ይገኛል? የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ጉዳዩ የልቤ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ውስጥ ለ9 ዓመት ዳቦ ቤት ነበረኝ። ባለፈው ጥቅምት ለልጆቼ ትምህርት ብዬ ወደ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ አዛወርኩት። ያው ዱቄት፣ ያው ምድጃ፣ ያው ሠራተኛ ነው። ዳቦው ግን እምቢ አለኝ። አንድ ቀን ሊጡ ኩፍ ብሎ ምድጃ ውስጥ ይሟሽሻል። ሌላ ቀን ቅርፊቱ ይበስልና ልቡ ጥሬ ይቀራል። አሁን እርሾውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ ነው። እሱን አስተካክዬ ስጨርስ ወደ ውሃው እሄዳለሁ። አንድ ቡኮ 25 ኪሎ ዱቄት ነው፤ ከተበላሸ የሚሄደው ለከብት ነው። በቀን ከአንድ ሙከራ በላይ አቅም የለኝም። ኮምፒውተር የሚማር የእህቴ ልጅ «ይህ በኮምፒውተር ይገኛል» ይለኛል። እውነት ነው? — ባለ ዳቦ ቤቷ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። እጅሽ አልጠፋም። የእህትሽ ልጅም ልክ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሊጡ ልንገርሽ። ከኮምቦልቻ ተነስተሽ ሐረጎን ስትወጪ መንገዱ አጭር ነው፤ ከፍታው ግን ብዙ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ 2,500 ገደማ ትደርሳለች። አየሩ ሲሳሳ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል። ሊጡ ጉልበት ሳያገኝ ኩፍ ይላል፤ ምድጃ ሲገባ ይወድቃል። ብርዱ ደግሞ በተቃራኒው እርሾውን ያዘገየዋል። ውሃ እንኳ ኮምቦልቻ ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ደሴ ላይ 92 ገደማ። አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይጎትታል። ስለዚህ የኮምቦልቻው ቁጥርሽ እዚህ መነሻ እንጂ መልስ አይሆንም።

በእጅሽ አራት ማስተካከያ አለ፦ እርሾ፣ ውሃ፣ ሊጡ ኩፍ እንዲል የምትጠብቂው ሰዓትና የምድጃው ሙቀት። እያንዳንዱን በ10 ደረጃ ብንከፍለው 10,000 ዓይነት ዳቦ ይወጣል። በቀን አንድ ብትሞክሪ ከ27 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሁሉን መሞከር የሚባለው ነገር እዚህ ጋ አበቃ።

«እርሾውን ስጨርስ ወደ ውሃው እሄዳለሁ» ያልሽው ላይ ግን ቁሚ። እኔም በዚሁ መንገድ ሄጄበታለሁ።

ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል 19 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም አስቸገረን። ጨርቁ ቀለሙን አይዝም፤ የማጠቢያው ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱን 60 ዲግሪ ላይ አሰርኩና ሶዳውን ከፍ ዝቅ አደረግኩ። የተሻለውን የሶዳ መጠን ያዝኩ። ከዚያ ሙቀቱን ጨመርኩ፤ ባሰ። ቀነስኩ፤ ባሰ። «ጫፉ ይኸው ነው» ብዬ ፈረምኩ። 23 ናሙና ወጥቶበታል። እያንዳንዱ ናሙና ግማሽ ቀን በልቷል። ከወራት በኋላ አዲስ የገባች ልጅ ሙቀቱን ከፍ፣ ሶዳውን ደግሞ ዝቅ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አደረገችው። ጨርቁ ቀለሙን ጠጣው። ሦስተኛው እጥበት ላይ ውሃው ጠርቶ ወጣ። የዚያን ቀን የተቆረጠው ናሙና፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ጨርቅ፣ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ነገሩ ሙቀትና ሶዳ የተያያዙ መሆናቸው ነበር። ሁለቱም ከፍ ሲሉ ቀለሙ ጨርቁን ትቶ ከውሃው ጋር ይጣመራል። አንዱን አስሮ ሌላውን ብቻ የሚነካ ሰው ይህን ዝምድና አያየውም። ያንቺም እርሾና የመጠበቂያ ሰዓት እንደዚያው ናቸው። እርሾ ሲበዛ ሰዓቱ ማጠር አለበት፤ ሲያንስ መርዘም አለበት። አንዱን ለብቻው «ማስተካከል» የሚባል ነገር የለም።

የደሴን የክረምት ጉም ታውቂዋለሽ። አምስት እርምጃ የማያሳይበት ቀን አለ። በዚያ ጉም ከፒያሳ ተነስተሽ፣ ዳገት ወደሆነው ብቻ እየረገጥሽ ብትሄጂ የሆነ ጉብታ ላይ ትወጫለሽ። ከዚያ በየትም በኩል ብትረግጪ ቁልቁለት ነው። ጫፍ ደረስኩ ትያለሽ። የጦሳ ተራራ ግን ከጉሙ ጀርባ ቆሟል። እኔ የፈረምኩት ጉብታው ላይ ነበር።

እንግዲህ መንገዱ ይኸውልሽ። ባየዢያን ኦፕቲማይዜሽን ይባላል።

መጀመሪያ ወሰን አብጂ። ለ25 ኪሎ ዱቄት እርሾ ከ100 እስከ 350 ግራም፣ ውሃ ከ13 እስከ 16 ሊትር፣ ሰዓቱ ከ40 እስከ 110 ደቂቃ፣ ምድጃው ከ200 እስከ 250 ዲግሪ እንበል። ዱቄትሽን የምታውቂው አንቺ ስለሆንሽ አስተካክዪው። ግን አታጥብቢው። ጦሳ ከአጥሩ ውጭ ከቀረ ማንም አያገኘውም።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ወሰን 8 ቦታ እኩል ክፈይ። አራት ስኒ አምጪ። በእያንዳንዱ ስኒ ውስጥ ከ1 እስከ 8 የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች ይግቡ። አንዱ ስኒ የእርሾ፣ አንዱ የውሃ፣ አንዱ የሰዓት፣ አንዱ የሙቀት ነው። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ዕጣ አውጪ። እርሾ 3፣ ውሃ 7፣ ሰዓት 1፣ ሙቀት 5 ቢወጣ የመጀመሪያው ቀን ሙከራሽ እሱ ነው። የወጣው ወረቀት ወደ ስኒው አይመለስም። ስምንተኛው ቀን ላይ ስኒዎቹ ባዶ ይሆናሉ፤ የእያንዳንዱ ማስተካከያ እያንዳንዱ ደረጃም አንዴ ተነክቷል ማለት ነው። ይህ ዕጣ ላቲን ሃይፐርኪዩብ ይባላል። ማኬይ፣ ቤክማንና ኮኖቨር በ1979 (የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለኮምፒውተር ሙከራ ያቀረቡት ነው።

ከስምንቱ ብዙዎቹ መጥፎ ዳቦ ይሆናሉ። ይህን አስቀድሜ እነግርሻለሁ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትተዪው። ቡኮውን ወደ 5 ኪሎ ማውረድ ከቻልሽ አውርጂ። ምድጃው ግን ሞልቶና ባዶ ሆኖ አንድ ዓይነት አይጋግርም። ስለዚህ የተረፈውን ቦታ በዕለት ዳቦሽ ሙዪው።

ለእያንዳንዱ ቀን ዳቦ አንድ ቁጥር ስጪ፣ ከ100። ቁመቱን በማስመሪያ ለኪ። ቆርጠሽ ልቡን እዪ። ሦስት ደንበኛ አቅምሺ፤ የትኛው ሙከራ እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው። ነጥቡን ስትሰጪ ዛሬም ነገም በአንድ ሚዛን ይሁን። ቁጥሩ ከተበላሸ ኮምፒውተሩ የሚማረው የተበላሸውን ነው።

አሁን የኮምፒውተሩ ተራ ነው። የሚያደርገውን በእኛ አገር አየር ላስረዳሽ። ቦሩ ሜዳ ዛሬ ብርድ ነው ብትይኝ፣ ደሴም ብርድ እንደሆነ አምናለሁ። ቅርብ ናቸዋ። ስለ ኮምቦልቻ ከጠየቅሽኝ እገምታለሁ፤ ግን አልምልም። ስለ ባቲ ከሆነ የቦሩ ሜዳው ወሬ ምንም አይነግረኝም። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። ላልተጋገረ ዳቦ ሁለት ነገር ይናገራል፦ «ነጥቡ ይህን ያህል ይመስለኛል» እና «ይህን ያህል ልሳሳት እችላለሁ»። ከሞከርሽው ጋር ለሚቀራረብ ዳቦ ጥርጣሬው ጠባብ ነው። ከሁሉም ለራቀው ሰፊ ነው። የዚህ ግምት ስም ጋውሲያን ፕሮሰስ ነው።

ሥሩ የማዕድን ሥራ ነው። ዳኒ ክሪግ የተባለ የደቡብ አፍሪካ መሐንዲስ በዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማዕድን ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ጉድጓድ መቆፈር ብዙ ገንዘብ ነው። ከተቆፈሩት ጥቂት ጉድጓዶች ተነስቶ በመካከላቸው ያለውን ወርቅ መገመት ያዘ፤ ሥራውን በ1951 ጻፈ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ማትሮን ሂሳቡን አሟልቶ በክሪግ ስም ክሪጊንግ አለው። ከአፍሪካ ማዕድን የወጣ ሐሳብ ስለሆነ ሳነሳው ደስ ይለኛል። አንቺም እንደ ክሪግ ጉድጓድ መቁጠር አለብሽ።

ግምቱ ተገኘ እንበል። ቀጣዩ ዳቦ የትኛው ይሁን? የዘዴው ልብ እዚህ ጋ ነው፤ በቁጥር ላሳይሽ።

እስካሁን ያገኘሽው ትልቁ ነጥብ 78 ነው እንበል። ኮምፒውተሩ ሁለት አማራጭ አቀረበልሽ። የቅርቡ ዳቦ ከ78ቱ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ግምቱ 78፣ ጥርጣሬው 1 ነጥብ ነው። የሩቁ ዳቦ ገና ያልረገጥሽው ቦታ ነው፤ ግምቱ 74፣ ጥርጣሬው ግን 8 ነጥብ ነው። ሰው ቢጠየቅ የቅርቡን ይመርጣል። ኮምፒውተሩ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ከ78 በላይ በአማካይ ስንት ነጥብ ላተርፍ እችላለሁ?» ሲሰላ ከቅርቡ የሚጠበቀው ትርፍ 0.4 ነጥብ ነው። ከሩቁ የሚጠበቀው 1.6 ነው። አራት እጥፍ! ዝቅ ያለ ግምት ያለው ዳቦ አሸነፈ፤ ምክንያቱም የማናውቀው ብዙ ነው። ቢከፋ አንድ ቡኮ ይበላሻል። ቢያምር 85 ሊሆን ይችላል።

ይህ ስሌት የሚጠበቅ መሻሻል ይባላል። ሃሮልድ ኩሽነር በ1964 ተቀራራቢ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ1970ዎቹ ሊቱዌኒያዊው ዮናስ ሞኩስ አሁን ወዳለበት መልክ አመጣው። እኔ ይህን ሳነብ ቶሎ ያሰብኩት ያንን ሰማያዊ ቀለም ነው። 23ቱም ናሙናዎቼ የቅርብ ናሙናዎች ነበሩ። አንድም ጊዜ «እዚያ ማዶ አላውቅም፤ ስለማላውቅም ልሂድ» አላልኩም።

የሩቁን ጋግረሽ ነጥቡን ትሰጪዋለሽ። ኮምፒውተሩ ግምቱን ያርማል፤ ለነገ ሌላ ይመርጣል። ብዙም ሳትቆዪ ምርጫው ወደ አንድ ሰፈር መሰብሰብ ይጀምራል። አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ ማዶ ይልክሻል። ሲልክሽ ሂጂ።

መብራት መሀል ላይ የጠፋበትን ቀን አትመዝግቢ፤ ድገሚው። ጤነኛ ቀንም ቢሆን አንድ ዓይነት አሠራር ሁለት ቀን አንድ ዓይነት ነጥብ አይሰጥም። ስለዚህ ከስምንቱ አንዱን ሦስት ጊዜ ጋግሪ። ነጥቡ በ4 ከተለያየ፣ 78ና 80 ያው መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ይህን ልዩነት ለእህትሽ ልጅ ንገሪው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ማስገባት አለበት። አለዚያ ኮምፒውተሩ የዕድልን ዳቦ እንደ ጥበብ ይቆጥረዋል።

በጀትሽን ዛሬውኑ ወስኚ። እኔ ብሆን ከስምንቱ ዕጣና ከድጋሚዎቹ በኋላ 20 ቀን እይዛለሁ፤ የሚጠበቀው ትርፍ ከግማሽ ነጥብ በታች ደጋግሞ ከወረደ ቀድሜ አቆማለሁ። ለልጁ ደግሞ ቦቶርች ወይም አክስ የተባሉትን ነፃ የፓይተን ጥቅሎች ይፈልግ በይው። ለ30 ሙከራ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። አንዴ ከጫነው ኢንተርኔትም አይፈልግም።

የዳቦ ነገር ለእንዲህ ያለ ሂሳብ ያንሳል ብለሽ እንዳታስቢ። በ2017 የጉግል ተመራማሪዎች የቾኮሌት ብስኩት አሠራርን በዚሁ ዘዴ ፈልገዋል። የስኳሩን፣ የቅቤውን መጠን ኮምፒውተር እየመረጠ፣ ጋጋሪ እየጋገረ፣ ሰው እየቀመሰ ነጥብ ይሰጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ነው የምማረው፣ ሁለተኛ ዲግሪ። የማድረቂያ ማሽን የአየር ፍሰት በሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር አስመስዬ፣ እሠራለሁ። 5 ተለዋዋጮች አሉኝ። አንዱ ሩጫ 6 ሰዓት ይፈጃል። ጓደኞቼ ጀነቲክ አልጎሪዝም ተጠቀም ይሉኛል፤ 50 አባላት፣ 100 ትውልድ። ያዋጣኛል? — ተማሪው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አያዋጣህም ልጄ። ጀነቲክ አልጎሪዝም ብዙ አማራጮችን በአንድ ላይ ይዞ፣ የተሻሉትን በየትውልዱ እያዳቀለ የሚፈልግ ዘዴ ነው። 50 በ100 ሲባዛ 5,000 ሩጫ ነው። በ6 ሰዓት 30,000 ሰዓት ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረው። ዘዴው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሙከራው በርካሽ ለሚገኝበት ሥራ ነው የተሠራው። ሩጫህ አንድ ሴኮንድ ቢሆን ኖሮ እኔም እሱን እልህ ነበር።

ለአንተ የሚሆነው ከላይ ለባለ ዳቦ ቤቷ የጻፍኩት ነው። እንዲያውም ዶናልድ ጆንስ፣ ማቲያስ ሾንላውና ዊሊያም ዌልች በ1998 ያወጡት ኢጎ የተባለው አልጎሪዝም ልክ እንዳንተ ላለው ከባድ ሲሙሌሽን የታሰበ ነው። ለመነሻ በአንድ ተለዋዋጭ 10 ሙከራ ያህል ይመክራሉ። ላንተ 50 ሩጫ ነው፤ 300 ሰዓት፤ 12 ቀን ተኩል። ከዚያ በኋላ እየመረጥክ ትጨምራለህ።

ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ሲሙሌሽኑ ቦታውን የሚከፋፍልበትን መረብ ሻከር አድርገህ በ20 ደቂቃ የሚያልቅ ሩጫ መሥራት ከቻልክ፣ መጀመሪያ በእሱ ሰፈሩን ለይ። ሻካራው ሩጫ ጫፉን በትክክል አይነግርህም፤ ገደሉ የት እንዳለ ግን ይነግርሃል። ሁለተኛ፣ የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች ማታ ስራ ፈት ከሆኑ አራት ሙከራ በአንድ ላይ እንዲመርጥልህ አድርግ፤ ለባለ ዳቦ ቤቷ የጠቀስኳቸው ጥቅሎች ይችላሉ። ተለዋዋጮችህ 5 ስለሆኑ ደህና ነህ። ከ20 ሲያልፉ ዘዴው ይደክማል፤ ቦታው በጣም ይሰፋና ሁሉም ነገር ከሁሉም ይርቃል።

አማካሪህን ለማሳመን አንድ ምሳሌ ከፈለግክ፦ ጎ የተባለውን የእስያ የሰሌዳ ጨዋታ የሚጫወተው ፕሮግራም አልፋጎ በ2016 ከኮሪያዊው ሻምፒዮን ሊ ሴዶል ጋር ከመግጠሙ በፊት ማስተካከያዎቹ የተቃኙት በባየዢያን ኦፕቲማይዜሽን ነው። አንዱን ቅንብር ለመመዘን ብዙ ጨዋታ ማጫወት ያስፈልግ ነበር። የተቃኘው ካልተቃኘው ጋር ሲጫወት የማሸነፍ መጠኑ ከ50 ወደ 66.5 በመቶ ወጥቷል።

ጥያቄ፦ ያገኘነው ጫፍ ዋናው ጫፍ መሆኑን በምን እናረጋግጣለን? — የሂሳብ መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የነካኝ። ስለ ተራራው ሌላ ምንም ካላወቅን ማረጋገጫ የለም። ባልረገጥነው በሁለት እርምጃ መካከል መርፌ የመሰለ ጫፍ ሊኖር ይችላል። ከላይ የጻፍኩት ዘዴም ቢሆን ጥሩ ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይሰጥም።

ዳገቱ ከዚህ ልክ በላይ ቀጥ ያለ አይሆንም ብለን መማል ከቻልን ግን ነገሩ ይለወጣል። በአንድ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንሂድ። ጉም ነው። እዚህ ከፍታው 2,500 ሜትር፣ 400 ሜትር ወዲያ ደግሞ 2,520 ሜትር ሆኖ ለካን። በአንድ ሜትር መንገድ ከግማሽ ሜትር በላይ እንደማይወጣ እናውቃለን እንበል። በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚችለው ትልቁ ከፍታ ስንት ነው? የሁለቱ አማካይ 2,510 ነው፤ በዚያ ላይ የርቀቱ ግማሽ በዳገቱ ተባዝቶ 100 ሜትር ይጨመራል። 2,610። ሌላ ቦታ 2,650 ለክተን ከሆነ፣ እነዚህን 400 ሜትሮች ሳንረግጣቸው መተው እንችላለን። ሌሎቹንም ክፍተቶች እንዲሁ እየዘጋን ስንሄድ ማረጋገጫ ይኖረናል። ፒያቭስኪና ሹበርት በ1972 ያወጡት ዘዴ ይህ ነው። ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ልጆች በማስመሪያና በእርሳስ ማሳየት ይችላሉ፤ ሁለት መስመር ስለው የሚገናኙበትን ማንበብ ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። የዳገቱን ወሰን ብዙ ጊዜ አናውቀውም። ማስተካከያው ሲበዛ ደግሞ መዝጋት ያለብን ክፍተት ይበዛል፤ አራት ላይ እንኳ ለባለ ዳቦ ቤቷ የሚቻል አይደለም። ጆንስ ከፐርቱነንና ከስታክማን ጋር በ1993 ዳይሬክት የተባለ ዘዴ አወጡ። የዳገቱን ወሰን ሳይጠይቅ፣ ሊሆኑ የሚችሉትን ወሰኖች ሁሉ በአንድ ላይ እያሰበ ቦታውን ይከፋፍላል። ከባየዢያኑ የበለጠ ሙከራ ይበላል። ሩጫው ደቂቃ ለሚፈጅ ሥራ ግን እኔ እወደዋለሁ።

ባለ ዳቦ ቤቷ እህቴ፣ ዕጣውን አውጥተሽ ስምንቱን ጋግረሽ ስትጨርሺ ነጥቦቹን ጻፊልኝ። ለከብት የሄዱትንም ጭምር።